የውሰት በሬ

ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ላይ ስለ ውሰት ከብት የተጻፈ ሕግ አለ። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሰው ከጎረቤቱ ከብት ተውሶ፣ ባለቤቱ በሌለበት ከብቱ ቢሰበር ወይም ቢሞት የተዋሰው ይክፈል። ባለቤቱ አብሮ ከነበረ አይከፈልም። ከብቱ በውሰት ሳይሆን በኪራይ የመጣ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ በኪራዩ ይካካሳል። በመቀናጆ ሲያርስ የኖረ የሀገራችን ገበሬ ይህንን ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም። አንድ በሬ ያለው ሰው የጎረቤቱን በሬ ከራሱ ጋር አጣምሮ ያርሳል፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ የራሱን ይሰጣል። በመሀል የአንደኛው በሬ ገደል ቢገባ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በማን ማሳ ላይ ነበር? ማንስ ይነዳው ነበር?

ይህን ያነሣሁት ስለ እርሻ ለማውራት አይደለም። ስለ እግር ኳስ ነው። ክለቦችና ብሔራዊ ቡድኖች በተጫዋች ጥሪ ሲጣሉ የኖሩበትን መቶ ዓመት ገደማ የሚሆን ታሪክ ሳገላብጥ፣ ከዚህች ከውሰት በሬ ጥያቄ የራቀ ነገር አላገኘሁም። እኛ ግን ጉዳዩን የምናወራው በሌላ መንገድ ነው። ክለብ ማለት ገንዘብ፣ ብሔራዊ ቡድን ማለት ፍቅር እናደርገዋለን። ተጫዋቹ ለጥሪ ከመጣ «ሀገሩን የሚወድ ልጅ»፣ ከቀረ «ለዶላር የተሸጠ»። እንዲህ ዓይነቱ ፍርድ ለቡና ቤት ጨዋታ ይበቃ ይሆናል። ለታሪክ ግን አይበቃም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጠቡ ሁሉ ጎላ ብሎ ከሚታየኝ ልጀምር። በኖቬምበር 2004 ሞሮኮ ከቡርኪና ፋሶ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አደረገች። ዋንጫ የለበት፣ ነጥብ የለበት። ለሞሮኮ ከተሰለፉት አንዱ አብደልመጂድ ኡልመርስ የሚባል አማካይ ነበር። ደመወዙን የሚከፍለው ሻርለርዋ የተባለ የቤልጅየም ክለብ ነው። ሻርለርዋ ድሮ በድንጋይ ከሰልና በብረት የምትታወቅ የሠራተኞች ከተማ ናት፤ ክለቧም ከእነ ሪያል ማድሪድ ተርታ የሚቆም አይደለም። በዚያ ዓመት ግን ቡድኑ ደህና እየሄደ ነበር። ኡልመርስ ከዚያች የወዳጅነት ጨዋታ ክፉኛ ተጎድቶ ተመለሰ። ለስምንት ወር ያህል መጫወት አልቻለም።

እንግዲህ ሂሳቡን እንየው። ተጫዋቹን የጠራው የሞሮኮ ፌዴሬሽን ነው። ክለቡ «አልሰጥም» ማለት አይችልም፤ የፊፋ ደንብ ያስገድደዋል። ስለ ለቀቀበት ጊዜ የሚከፈለው ነገር የለም። ሲጎዳም ካሣ የለም። ስምንቱን ወር ግን ደመወዙን የሚከፍለው ክለቡ ነው። በሬው የተሰበረው በሰው ማሳ፣ ባለቤቱ በሌለበት፤ ዕዳው ግን የባለቤቱ! ሻርለርዋ ፊፋን ፍርድ ቤት ገተረው። በመሀሉ የዋንጫ ዕድሌንም አሳጥታችሁኛል አለ።

ጠበቃው ማን መሰላችሁ? ዣን-ልዊ ዱፖን። ይህ ሰው ከአሥር ዓመት በፊት ዣን-ማርክ ቦስማን የተባለውን የቤልጅየም ተጫዋች ወክሎ፣ በ1995 የአውሮፓን የዝውውር ሥርዓት የገለበጠውን ፍርድ ካስገኙት ጠበቆች አንዱ ነው። በግንቦት 2006 የሻርለርዋ የንግድ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለአውሮፓ ፍርድ ቤት መራው። ጥያቄው አንድ ነበር፦ ክለቦች ሠራተኞቻቸውን በነጻ እንዲያውሱ ማስገደድና የጨዋታውን ቀን መቁጠሪያ ብቻውን መወሰን፣ ፊፋ በአውሮፓ ሕግ መሠረት ይችላል ወይ?

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ይህ በነጻ የማዋስ ነገር ከየት መጣ? ፊፋ በ1904 ፓሪስ ላይ ሲመሠረት የብሔራዊ ቡድን ጥሪ እንደ ክብር ነበር የሚታየው። በብዙ ሀገር ተጫዋቹ ራሱ ደመወዝተኛ አልነበረም። ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ ነው ሄዶ የሚጫወተው። ስለዚህ ካሣ የሚባል ነገር ለማንም አልታየውም። ክፍያ በተጀመረበት በእንግሊዝ ግን ጠቡ ወዲያው ብቅ አለ። ችግሩ ዓለም አቀፍ ጨዋታዎች ከሊጉ ጨዋታ ጋር በአንድ ቀን፣ ቅዳሜ ላይ መዋላቸው ነበር። ክለቡ ደመወዝ እየከፈለ፣ በሚያስፈልገው ቀን ተጫዋቹ የለም።

በ1930 የእንግሊዝ ሊግ መላ ያለውን ነገር አመጣ። ክለቦች በሊግ ጨዋታ ቀን ከእንግሊዝ በስተቀር ለሌላ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች እንዳይለቁ ተደረገ። ጉድ የፈላው በዌልስና በስኮትላንድ ነው። በተለይ ዌልስ ምርጥ ልጆቿ በሙሉ የሚጫወቱት በእንግሊዝ ሊግ ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ግላስጎ ላይ ስኮትላንድን ልትገጥም ስትሄድ፣ ይዛ የሄደችው የካርዲፍ ሲቲውን ፍሬድ ኪነርን አምበል አድርጋ ከታችኛው ዲቪዚዮንና ከአማተር ክለቦች የተለቃቀሙ ልጆችን ነበር። ጋዜጦቹ «ኪነርና አሥሩ ስም የለሾች» አሏቸው። ሰው ሁሉ ጎል ሊቆጥር ነው የሄደው። ውጤቱ 1 ለ 1 ሆነ። እንዲያውም ቀድማ ያገባችው ዌልስ ነበረች። ዌልሶች ይህንን ታሪክ እስከ ዛሬ ድረስ ይተርኩታል፤ ሲያንሳቸው ነው። እኔ ግን ከጀግንነቱ ይልቅ ከጀርባው ያለውን ልብ በሉልኝ እላለሁ። በሁለቱ ጠብ መጀመሪያ ባዶውን የቀረው፣ ጠንካራ ሊግ የሌለው ሀገር ነው። እንግሊዝ ምንም አልጎደለባትም። ይህ ነገር በኋላ በአፍሪካ እጥፍ ድርብ ሆኖ ይመጣል።

ወደ አፍሪካ ከመሻገሬ በፊት ስለ አንድ ጥሪ ላንሳ። ይህ ጥሪ ከፊፋም ከፌዴሬሽንም የመጣ አልነበረም። በሚያዝያ 1958፣ የስዊድኑ የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው፣ በፈረንሳይ ክለቦች የሚጫወቱ በርከት ያሉ አልጄሪያውያን በድብቅ ድንበር እየተሻገሩ ቱኒስ ገቡ። የሴንት ኤቲየኑ ራሺድ መክሉፊና የሞናኮው ሙስጠፋ ዚቱኒ ከነዚሁ ውስጥ ናቸው። ሁለቱም ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን የተጫወቱ፣ ለዓለም ዋንጫውም የሚታሰቡ ነበሩ። መክሉፊማ ጭራሽ በፈረንሳይ ጦር ውስጥ የወታደርነት ግዴታውን እየተወጣ ነበር። ቢያዝ የሚጠብቀው የከዳተኛ ፍርድ ነው። የጠራቸው ለነጻነት የሚዋጋው ግንባር ነው፤ ያኔ አልጄሪያ የሚባል ሀገር በካርታ ላይ ገና አልነበረም።

ፊፋ ቡድኑን አላውቅም አለ። ከእነሱ ጋር የሚጫወት ሁሉ እንደሚቀጣም አስጠነቀቀ። እነሱ ግን እስከ 1962 ድረስ በአረብ ሀገሮች፣ በምሥራቅ አውሮፓና በእስያ እየዞሩ ተጫወቱ። ክለባቸውን፣ ደመወዛቸውን፣ የዓለም ዋንጫቸውን ትተው። መክሉፊ ከነጻነት በኋላ ወደ ሴንት ኤቲየን ተመልሶ እንደገና ኮከብ ሆኗል። ይህንን ታሪክ ያነሣሁት ሁሉም ተጫዋች እንደዚህ ይሁን ብዬ አይደለም። የሀገር ጥሪ የሚባለው ነገር ክብደት የሚኖረው ተጫዋቹ ራሱ መልስ የመስጠት ዕድል ሲኖረው መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። እነ መክሉፊ የሚያጡትን ያውቁ ነበር፤ አውቀውም ሄዱ። ማንም አላዋሳቸውም።

አሁን ወደ ራሳችን ሰው እንምጣ። ይድነቃቸው ተሰማ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች፣ በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ቡድን አሠልጣኝ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሥራች፣ ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስከ ሞቱበት ድረስ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ነበሩ። ጋሽ ይድነቃቸውን የምናነሣው ብዙ ጊዜ ከደቡብ አፍሪካ ዘረኛ መንግሥት ጋር ባደረጉት ትግል ነው። ይገባቸዋልም። ግን እኒህ ሰው ከሁላችን ቀድሞ የታያቸው ሌላ ነገር አለ። የአፍሪካ ምርጥ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸው ከቀጠለ አህጉሪቱ ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆና ትቀራለች ብለው በአደባባይ ሲያስጠነቅቁ ኖረዋል። ቡናና ማዕድን እንደምትሸጠው ሁሉ ማለታቸው ነው።

ይህ አስተሳሰብ በደንብ ተጽፎም ነበር። ካፍ በ1965 ባወጣው ደንብ አንድ ሀገር በአፍሪካ ዋንጫ ላይ ከአህጉሩ ውጭ ከሚጫወቱ ልጆቹ ማሰለፍ የሚችለው ሁለት ብቻ ነበር። ሁለት! የማሊው ሳሊፍ ኬይታ በ1967 ወደ ሴንት ኤቲየን ሄደ፤ የካሜሩኑ ሮዤ ሚላ በ1977 ወደ ፈረንሳይ ገባ። በደንቡ መሠረት ሦስተኛ እንደነሱ ያለ ልጅ ያለው ሀገር፣ ሦስተኛውን ቤቱ ይተወዋል ማለት ነው። ዛሬ ሲታይ ይገርማል። አፍሪካ በገዛ ልጆቿ ላይ በር የዘጋችበት ዘመን ነበር። ዓላማው ግን ይገባኛል፤ በሀገር ቤት ክለብ የሚለፋው ልጅ ቦታ እንዲያገኝ፣ ውድድሩም በአውሮፓ ክለቦች ፈቃድ ላይ እንዳይንጠለጠል ነው።

ደንቡ በ1982 ተነሣ። መነሣቱ ግድ ነበር። የሄዱት ልጆች ሁለትና ሦስት መሆናቸው ቀርቶ ሙሉ ቡድን ሆኑ። አባቶች የፈሩት ሁለቱም ደረሰ። ልጆቹ ሄዱ፤ ውድድሩም በሰው እጅ ላይ ወደቀ። የአፍሪካ ዋንጫ ለብዙ ዘመን የሚካሄደው በዓመቱ መጀመሪያ ወራት፣ የአውሮፓ ሊግ በሚጦዝበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ነው ዋናው የጥሪ ጦርነት የተከፈተው።

አንድ የማይዋጥልኝን ነገር እዚህ ላይ ልናገር። በጃንዋሪ ወር የአፍሪካ ዋንጫ ሲመጣ አዲስ አበባ ውስጥ ዲኤስቲቪ ያለበት ቤት ገብታችሁ ወሬ ስሙ። «ይሄ የአፍሪካ ዋንጫ መጥቶ ቡድናችንን ሊበትነው ነው!» የሚለው እንግሊዛዊ አይደለም። የኛው የአርሰናል፣ የኛው የማንቸስተር ደጋፊ ነው። «ቡድናችን» ሲል የለንደኑን ማለቱ ነው። በእርግጥ ሰው የወደደውን ቡድን መደገፍ መብቱ ነው። ነገር ግን ኮንፌዴሬሽኑን ከመሠረቱት አራት ሀገሮች አንዷ በሆነችው፣ ዋንጫውን አንሥታ በምታውቀው፣ በ2013 ደግሞ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ ውድድሩ ስትመለስ ሕዝቧ ጎዳና በሞላባት ሀገር፣ ጥያቄውን ሁልጊዜ ከአውሮፓ ክለብ ወንበር ላይ ሆኖ ማየት ምን ይሉታል? መልሱን ለእናንተ እተዋለሁ።

የሆነው ሆኖ ወደ ሻርለርዋ እንመለስ። ትንሹ ክለብ ፍርድ ቤት ሲቆም ብቻውን አልነበረም። ጂ-14 የሚባለው የሀብታም ክለቦች ስብስብ ከጀርባው ቆመ። ይህ ስብስብ በ2000 በ14 ክለቦች ተመሥርቶ ኋላ 18 የደረሰ ነው፤ ሪያል ማድሪድ፣ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ባየርን ሙኒክ፣ ሚላን፣ ሁሉም አሉበት። የሻርለርዋ ኪሳራ በመቶ ሺዎች ዩሮ የሚቆጠር ነበር። ጂ-14 ባለፉት ዓመታት ላዋስናችሁ ተጫዋቾች ክፈሉን ብሎ ያቀረበው ሂሳብ ደግሞ 860 ሚሊዮን ዩሮ ነው። የድሃ በሬ ተሰብሮ ሀብታሞቹ ከሳሽ ሆኑ!

ፊፋ ፈራ። የቦስማንን ጉዳይ ያየ ሰው ይፈራል። በጃንዋሪ 2008 ስምምነት ተደረገ። ጂ-14 ራሱን አፈረሰ፤ በምትኩ ከየሀገሩ የተውጣጡ ከመቶ በላይ ክለቦች የሚገኙበት የአውሮፓ ክለቦች ማኅበር ተቋቋመ። ክሱ ተነሣ። በለውጡ ፊፋና ዩኤፋ ከትልልቅ ውድድሮች ገቢ ላይ ለክለቦች ሊከፍሉ ተስማሙ። የአውሮፓው ፍርድ ቤት አንድ ቃል ሳይናገር ጉዳዩ ተዘጋ። ፊፋ ክለቦችን በነጻ እንዲያውሱ ማስገደድ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በፍርድ ሳይሆን በብር ተመለሰ።

ብሩም ሲያድግ ኖረ። ለ2010 የዓለም ዋንጫ ተጫዋች ላዋሱ ክለቦች 40 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለ። ለ2014ቱ 70 ሚሊዮን። ለ2018 እና ለ2022 ለያንዳንዳቸው 209 ሚሊዮን። ለ2026 የተመደበው ደግሞ 355 ሚሊዮን ነው። ከ2012 ወዲህ ለጉዳትም መድን አለ። ተጫዋቹ ለብሔራዊ ቡድን ሲጫወት ቢጎዳ፣ ደመወዙን ለክለቡ እስከ አንድ ዓመት ድረስ፣ በአንድ ጉዳት እስከ 7.5 ሚሊዮን ዩሮ ፊፋ ይሸፍናል። በኦሪቱ ቋንቋ ብንናገር፣ ውሰቱ ቀርቶ ኪራይ ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ጠቡ በዚህ አለቀ? አላለቀም። ምክንያቱም በሬው በሬ አይደለም።

የሆላንዱን አርየን ሮበንን ውሰዱ። በ2010 የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሲል ተጎዳ፤ ድኖ ተጫወተ፤ ሆላንድም ለፍጻሜ ደረሰች። ወደ ባየርን ሙኒክ ሲመለስ የክለቡ ሐኪሞች ጡንቻው ተቀድዶ አገኙት። ለወራት ከሜዳ ራቀ። ባየርን ካሣ ጠየቀ፤ የሆላንድ ፌዴሬሽን አልከፍልም አለ። መጨረሻ ላይ በእርቅ ተፈታ፦ ሆላንድ መጥታ ከባየርን ጋር ሙኒክ ላይ የወዳጅነት ጨዋታ ታደርጋለች፤ ገቢው ለክለቡ ይሆናል። ጨዋታው የተደረገው በግንቦት 2012 ነው። በዚያው ሳምንት ባየርን በገዛ ሜዳው የአውሮፓን ዋንጫ ለቼልሲ አሳልፎ ሰጥቶ ነበር፤ በጭማሪ ሰዓት ፍጹም ቅጣት ምት የሳተው ደግሞ ሮበን ነው። ሮበን ለሀገሩ ተሰልፎ ወደ ሜዳ ሲገባ የገዛ ክለቡ ደጋፊዎች በፉጨት አዋረዱት። አስቡት! በገዛ ጉዳቱ ምክንያት ለተፈጠረ ዕዳ ማወራረጃ በተዘጋጀ ጨዋታ ላይ ዕዳውን እየከፈለ ያለው እሱ፤ የሚፎጨውም በእሱ ላይ። ክለቡ ገቢውን ወሰደ፣ ፌዴሬሽኑ ከክስ ዳነ፣ ሮበን ደግሞ ፉጨቱን።

በ2021 የታየው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በኮሮና ጊዜ የእንግሊዝ ክለቦች በመንግሥታቸው «ቀይ መዝገብ» ላይ ወደ ሰፈሩ ሀገሮች ተጫዋች አንለቅም አሉ። ወደ 60 የሚጠጉ ተጫዋቾችን የሚነካ ውሳኔ ነበር። ምክንያታቸው ሲመለሱ አሥር ቀን በሆቴል ይዘጋባቸዋል የሚል ነው። የብራዚል ፌዴሬሽን በበኩሉ የፊፋን ደንብ መዘዘ፦ ጥሪ ተደርጎለት ያልመጣ ተጫዋች የጥሪው ጊዜ ካበቃ በኋላ ለአምስት ቀን ለክለቡ አይሰለፍም። ኋላ ላይ ተወው እንጂ ቅጣቱ ሊወድቅ የነበረው ቅሩ በተባሉት ልጆች ላይ ነው። እሺ፣ የሄዱትስ? ከእንግሊዝ የመጡ አራት አርጀንቲናውያን ሳኦ ፓውሎ ላይ ብራዚልን ሊገጥሙ ሄዱ። ጨዋታው ከተጀመረ ደቂቃዎች ሳይቆጠሩ የብራዚል የጤና ባለሥልጣናት ሜዳ ገብተው አስቆሙት። የቀረውም ጥፋተኛ፣ የሄደውም ጥፋተኛ። «ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» ያሉት አባቶች ይህንን አይተው መሆን አለበት።

የአፍሪካ ዋንጫስ? ካፍ በ2017 ለክለቦች ጩኸት ሲል ውድድሩን ወደ ሰኔና ሐምሌ አዛወረ። ግብፅ ላይ በ2019 በዚያ ወቅት ተካሄደ። ከዚያ ወዲያ ግን የካሜሩኑ በዝናብ ምክንያትና በኮሮና ተገፍቶ በ2022 መጀመሪያ ተደረገ፤ የአይቮሪኮስቱም በ2024 መጀመሪያ። የሞሮኮውን ደግሞ በ2025 ክረምት እናደርጋለን ሲባል ፊፋ 32 ክለቦች የሚሳተፉበትን አዲሱን የክለቦች ዓለም ዋንጫ በዚያው ወቅት ሰካበት። ውድድሩ ተገፍቶ ዲሴምበር 21 ቀን 2025 ተጀመረ። ክለቦች ተጫዋች መልቀቅ የነበረባቸው ዲሴምበር 8 ነበር፤ እሱንም ፊፋ ወደ 15 ገፋላቸው። አሠልጣኞቹ ቡድናቸውን አንድ ላይ ያገኙት ሳምንት ላልሞላ ጊዜ ነው። በዚያው ወር ካፍ ከ2028 በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ በየአራት ዓመቱ እንደሚሆን አስታወቀ። ለስልሳ ዓመት ገደማ በየሁለት ዓመቱ የኖረ ውድድር ነው።

በየአራት ዓመቱ መሆኑ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብለን መከራከር እንችላለን። አውሮፓም የሚያደርገው በየአራት ዓመቱ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ቀኑ ሲጋጭ ሁሌ ቦታ የሚለቀው አንዱ ወገን ብቻ ነው። የዌልስ ታሪክ በአህጉር ልክ ማለት ይህ ነው። ጋሽ ይድነቃቸው ጥሬ ዕቃ ያሉት ነገር፣ ሻጩ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጥበትንም ቀን የማይወስንበት ገበያ ነው።

ወደ ሀገር ቤትም ዘወር እንበል። በ2013 ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው የሰውነት ቢሻው ቡድን አብዛኛው ከሀገር ውስጥ ክለቦች የተውጣጣ ነበር። እኛ ዘንድ ብሔራዊ ቡድን ሲጠራ ብዙ ጊዜ ሊጉ ይቆማል። ተጫዋቹ ካምፕ ይገባል፤ ደመወዙን ክለቡ ይከፍላል። ክለቦቻችን ደግሞ አብዛኞቹ በባንክ፣ በመከላከያ፣ በከተማ አስተዳደር በጀት የሚኖሩ ናቸው። ይህ ማለት የውሰቱን ዋጋ የሚከፍለው ዞሮ ዞሮ ሕዝቡ ነው። ይህንን ማንም ቆጥሮት አያውቅም፤ እኛ ሀገር «ለብሔራዊ ቡድን ነው» ከተባለ ሂሳብ መጠየቅ ነውር ነው። ነገር ግን ፊፋ ለ2026 ከመደበው 355 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ፣ ለማጣሪያ ጨዋታዎች ተጫዋች የለቀቁ ክለቦችም ድርሻ እንዲኖራቸው ወስኗል፤ ሀገሩ ለዋንጫው ባያልፍም። ኢትዮጵያ ከግብፅና ከቡርኪና ፋሶ ጋር በአንድ ምድብ ማጣሪያውን ተጫውታለች። በደንቡ መሠረት ለዚያ ቡድን ልጅ የለቀቀ የኛም ክለብ የሚደርሰው አለ። ክለቦቻችን ይህንን ተከታትለው ይጠይቁ፤ ሲቀበሉም ለምን እንደዋለ ይንገሩን። ሻርለርዋ የታገለለት ገንዘብ እስከኛ ከደረሰ፣ ቢያንስ ሜዳ የሚደለድል፣ የተጎዳ ልጅ የሚያሳክም ይሁን።

ክለቦቹ ካሣቸውን አገኙ፤ ፌዴሬሽኖቹ ጥሪያቸውን አስከበሩ። ሁለቱም አንዱን ሰው ከግራና ከቀኝ እየጎተቱ ገቢያቸውን አሳደጉ። አዲስ ውድድር ጨመሩ፤ ያለውን አሰፉ። ኪራይ ስለተከፈለ በሬው አይደክምም የተባለ ይመስል። ኦሪቱ ስለ ከብቱ ፈቃድ አልጠየቀም፤ ከብት ነውና። የፊፋና የክለቦች ስምምነትም ተጫዋቹን ያየው በዚያው ዓይን ነው። ለማዋሱ የሚከፈለው አዋሹ ነው።

አሁን ግን በሬው መናገር ጀምሯል። በሰኔ 2024 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ተጫዋቾች ማኅበራት ፊፋን በብራስልስ ፍርድ ቤት ከሰሱ። በጥቅምት ዓለም አቀፉ የተጫዋቾች ማኅበር ፊፍፕሮ ከአውሮፓ ሊጎች ጋር ሆኖ ለአውሮፓ ኮሚሽን አቤት አለ። የጠየቁት ካሣ አልነበረም። ቀን መቁጠሪያው ሲወሰን እኛንም ጠይቁን ነው ያሉት። የስፔኑ ሮድሪ በዚያው መስከረም ተጫዋቾች ሥራ ለማቆም ተቃርበዋል ብሎ ሲናገር ብዙ ሰው ሣቀበት፤ ይህንን ሁሉ ሚሊዮን እየበሉ! ቀናት ሳይቆጠሩ ለክለቡ ሲጫወት ጉልበቱ ተበጠሰ።

ወገን፣ በሚቀጥለው ጥሪ አንድ ልጅ ሲቀር «ሀገሩን ከዳ» ከማለታችን በፊት፣ ሲሄድም «ክለቡን በደለ» ብለን ከመቆጣታችን በፊት፣ ስንት ጨዋታ ተጫውቶ እንደመጣ ብንጠይቅ ምናለ? እነ መክሉፊ ያኔ በገዛ እግራቸው ሲሄዱ የጠየቃቸው ሰው ነበር።